መስኮት ጋ ለምትቀመጡ ልጆች

ልጆቼ፣ በተለይ ዘንድሮ ተመርቃችሁ ቢሮ የገባችሁት፣ ማህተም እጃችሁ ሊገባ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ስመታ ኖሬያለሁ። ጡረታ ወጥቼ ያነበብኩትን አንድ ታሪክ ላውራችሁ።

እ.ኤ.አ. 1940፣ ሐምሌ አካባቢ ነው። ፖላንድ በናዚ ስትያዝ የሸሹ አይሁዶች ከነልጆቻቸው ሊቱዌኒያ ተሰብስበዋል። በአንድ ወገን ጀርመን አለ። ሊቱዌኒያን ደግሞ ሶቪየቶች ይዘዋታል፣ የውጭ ቆንስላዎችም ዝጉ ተብለዋል። የቀረው መንገድ ሩሲያን አቋርጦ ጃፓን መድረስ ነው፤ ጃፓን ግን መጨረሻ የምትሄድበትን አገር ካላሳየህ አታሳልፍም።

የሆላንድ ቅኝ የነበረችው፣ ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለችው የኩራሳዎ ደሴት ቪዛ አትጠይቅም ነበር። የአገረ ገዢው ፈቃድ ግን ግድ ነው። ታዲያ ከስደተኞቹ አንዷ፣ ሆላንድ ተወልዳ ያደገች እናት፣ በጎረቤት አገር ላትቪያ፣ ሪጋ ላለው የሆላንድ አምባሳደር "ስለ ፈቃዱ የሚለውን ተውልኝና ቪዛ አያስፈልግም የሚለውን ብቻ ጻፍልኝ" አለችው። ጻፈላት። እዚያው ሊቱዌኒያ፣ ካውናስ ከተማ የነበረው የሆላንድ የክብር ቆንስል ያን ዝዋርተንዳይክ (ዲፕሎማት እንኳ አይደለም፣ የፊሊፕስ ሬዲዮ ሰው ነው) ያንኑ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ለሌሎቹም ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ጻፈው። ውሸት የለበትም እኮ! እሱን ይዘው የጃፓኑ ምክትል ቆንስል ቺውኔ ሱጊሃራ ደጅ ተሰለፉ። ቶክዮ መመሪያውን ላላሟላ አትስጥ ብላው ነበር፤ እሱ ግን ከ2,100 በላይ የመሸጋገሪያ ቪዛ በእጁ እየጻፈ ሰጠ፣ በአንዱ ወረቀት ደግሞ ቤተሰብ ሙሉ ይሄድ ነበር።

ከዚያ በባቡር ሳይቤሪያን አቋርጠው ቭላዲቮስቶክ፣ በመርከብ ጃፓን፣ ጹሩጋ ወደብ፣ ቀጥሎ ኮቤ። ተቀባይ አገር ያጡትን በ1941 ጃፓን ወደ ሻንጋይ ሰደደቻቸው፤ ጦርነቱ እስኪያልቅ ሆንግኪው በሚባል ሰፈር በአንድ ክፍል እየተጨናነቁ፣ እየተራቡም ኖሩ። ግን ኖሩ።

እኔን የገረመኝ መፍትሔውን ያመጣችው ባለጉዳይዋ መሆኗ ነው። ወረቀቱን ከኛ በላይ ያነበበችው እሷ ናት። እኛ መስኮት ጋ የተቀመጥነው ግን ባለጉዳይ አፉን ሲከፍት "አባባ፣ መመሪያው ነው፣ ነገ ይመለሱ" እንላለን። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ፎርሙ ላይ ጣታቸውን አድርገው "ልጄ፣ ይቺ መስመር እኮ እኔን አትመለከትም" አሉኝ። ዝቅ ብዬ እንኳ አላየሁትም። ካላሟሉ አይሆንም አልኳቸው። ማታ ቤቴ ገብቼ መመሪያውን ገለጥኩት፤ ልክ ነበሩ። በነጋታው ይመጣሉ ብዬ ፎርሙን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩላቸው፣ አልመጡም።