የአንባቢያን ጥያቄ፦ ስፒከሩ ለምን ያጓራል?

ጥያቄ፦ የአዳማ ነዋሪ ነኝ። ሳሎን ያለው አምፕሊፋየር ሙዚቃ ሳይከፈትም ስፒከሮቹን «እምምም» እያሰኘ ያጓራል፤ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ስፈታው ግን ጸጥ ይላል። በባዶ እግሬ ቆሜ የአምፕሊፋየሩን ብረት ስነካ ደግሞ እጄን ቀለል አድርጎ ይነዝረኛል። አንድ ሠራተኛ ስታቢላይዘር እንድገዛ መክሮኛል፤ ጎረቤቴ ግን ችግሩ ከነፋስ ኃይል ማመንጫው ነው ይላሉ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም አይስሙ። ከተርባይኖቹ የሚወጣው ኃይል ወደ ብሔራዊው መስመር ገብቶ ከግድቦቹ ጋር ስለሚቀላቀል ለአዳማ ቤቶች የተለየ ድምፅ ይዞ አይመጣም፤ ጥፋቱ የመስመሩ ቢሆን ኖሮም የዲሹን ገመድ በመፍታት ብቻ ጸጥታ ባልተገኘ ነበር። ስታቢላይዘርም ቢሆን ቮልቴጁን ከማስተካከል ያለፈ ሥራ የለውም።

ዋናው ፍንጭ ያለው ንዝረቱ ላይ ነው። በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ረብሻ ለማጣራት ከ220 ቮልቱ መስመር ወደ ብረት አካሉ የተያያዙ ካፓሲተሮች የሚባሉ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ክፍሎች ይኖራሉ፤ በእነሱ በኩል የምታልፈው ጥቂት ከረንት ግራውንድ (ከመሬት ጋር የተያያዘ የደኅንነት ሽቦ) ካገኘች ወደ መሬት ትወርዳለች፣ ካላገኘች ግን ብረቱ ላይ ብዙ ጊዜ ወደ 110 ቮልት የሚጠጋ ቮልቴጅ ይቆያል። ስለዚህ በሶኬትዎ ጎን ያሉት ሁለቱ የግራውንድ የብረት ምላሶች ከኋላቸው ሽቦ የላቸውም ብዬ እጠረጥራለሁ። ንዝረቱ ከጠነከረ ግን የውስጥ ብልሽት ሊሆን ስለሚችል ዕቃውን ነቅለው ያስመርምሩ።

ዲሹ በቆርቆሮ ጣሪያ ወይም በተተከለ የብረት ምሰሶ ላይ ስለሚቆም የገመዱ የውጭ ሽቦ በአንድም በሌላም መንገድ ከመሬት ጋር ይገናኛል። መውረጃ ያጣው ከረንትም በድምፅ ገመዱ ሽፋን ወደ ሪሲቨሩ፣ ከዚያም በዲሹ ገመድ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ በመንገዱ ላይ የሚፈጥረውን ቮልቴጅ አምፕሊፋየሩ እንደ ሙዚቃ ቆጥሮ ያጎላዋል። በመስመሩ 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ዙር) እና በእጥፎቹ የሚሰማው ያ ወፍራም ድምፅ ይኸው ነው።

መፍትሔው ከብሬከር ሳጥኑ እስከ ሶኬቱ የግራውንድ ሽቦ ማዘርጋት ነው። አፈሩ በበጋ ሲደርቅ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ስለሚቀንስ ግራውንዱን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው የመዳብ ዘንግ በጥልቀት እንዲተከልና በግራውንድ መለኪያ እንዲለካ ይጠይቁ፤ በአምፖል ተሞክሮ «በርቷል» መባሉ በቂ አይደለም። ሶኬቱ ውስጥ ግራውንዱን ከኒውትራል (ከረንቱ ከሚመለስበት የመስመሩ ሽቦ) ጋር አገናኝተው የሚሄዱ ሠራተኞች አሉ፤ ይህን በፍጹም አይፍቀዱ፣ ኒውትራሉ ከኋላ ቢበጠስ የአምፕሊፋየሩ ብረት ሙሉ 220 ቮልት ይሸከማልና። ጉርምርምታውን ለማጥፋት ሲባል የስፒናውን ግራውንድ በፕላስተር መሸፈንም ያው ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥቂት ጉርምርምታ ቢቀር፣ ዲሹ ከቤቱ የተለየ መሬት አለው ማለት ነው፤ የገመዱን የውጭ ሽቦ ቤት በሚገባበት ቦታ ከቤቱ ግራውንድ ጋር ያስይዙት፣ ዕቃዎቹንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ። ሪሲቨሩና አምፕሊፋየሩ የኦፕቲካል መሰኪያ ካላቸው ደግሞ በድምፅ ገመዱ ፋንታ እሱን ይጠቀሙ፤ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን ብቻ ስለሆነ ከረንቱ የሚሻገርበት ሽቦ አይኖርም።