«አልቀይር አለኝ» ወይስ «አልቀየር አለኝ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ኮምፒውተሬ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱን የሚጠቀም ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መሻገር ቢያቅተኝ ለጓደኛዬ «ኪቦርዱ አልቀይር አለኝ» ብዬ ጻፍኩለት። እሱ ግን «አልቀየር አለኝ ነው የሚባለው» ብሎ አረመኝ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱም አማርኛ ናቸው፤ የሚለያያቸው ባለቤቱ ነው። በዚህ አነጋገር ግዑዙን ነገር በራሱ አፍ እናናግረዋለን። «በሩ አልከፈት አለ» ስንል በሩ «እኔ አልከፈትም» ያለ ያህል ነው። ብዙ ሲሆኑ «በሮቹ አንከፈት አሉ» የምንለውም ለዚሁ ነው፤ ግሱ የሚረባው በተናጋሪው በበሩ መደብ ነው።

እንግዲህ ቀያሪው ማን ነው? ቁልፎቹ ናቸው፤ ኡቡንቱ ላይ ሌላ ካልመረጡ ሱፐር (ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍ) እና ስፔስ። ስለዚህ «ቁልፎቹ አንቀይር አሉኝ»፣ «ኪቦርዱ አልቀየር አለኝ»። ችግሩ «ኪቦርድ» ስንል ጣታችን የሚያርፍበትን ዕቃም የፊደሉን አደራደርም ማለታችን ነው። ዕቃውን ከሆነ ያሉት፣ የእርስዎም አባባል ያስኬዳል።

እርማቱ ለሰዋስው ብቻ አይደለም፤ ግሱ ብልሽቱን ለይቶ ይናገራል። «አልቀየር አለኝ» ካሉ፣ ከስክሪኑ ላይ በስተቀኝ ያለው የቋንቋ ምልክት ከእንግሊዝኛ ንቅንቅ አላለም። ምናልባት አማርኛው ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አልገባም፤ ወይም እጅዎ የዊንዶውስን አልትና ሺፍት ለምዶ እነሱኑ እየተጫነ ነው።

«አልጽፍ አለኝ» ግን ሌላ ነው። ምልክቱ አማርኛ ሆኗል፤ «ሰላም» ሲሉ ግን አምስት የላቲን ፊደላት ይደረደራሉ። በድምፅ በሚጻፈው አማርኛ «ሰ»ንም «ላ»ንም ከሁለት ሁለት ቁልፍ አጣምሮ የሚያወጣው ኢባስ የሚባለው ፕሮግራም ነው። እምቢ ያለው እሱ ነው እንጂ ኪቦርዱ አይደለም። ኢባስን አጥፍቶ ማስነሣት፣ ካልሆነም ከአካውንትዎ ወጥቶ እንደገና መግባት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ሦስተኛው «ይቀያየርብኛል» ነው፤ እጅግ የምወደው ግስ። «ያየ» መመላለሱን፣ «ብኝ» ጉዳቱ በእርስዎ ላይ መሆኑን ይነግረናል። ደብዳቤውን በአማርኛ እየጻፉ ወደ ብሮውዘሩ ሲሻገሩ ቋንቋው ሌላ ሆኖ የሚጠብቅዎት ከሆነ፣ ይህን ግስ ይጻፉለት። ጓደኛዎም በቀጥታ ወደ ኪቦርድ ቅንብር ገብቶ፣ ለየመስኮቱ የተለያየ ቋንቋ የሚይዘውን ምርጫ ትቶ ለሁሉም መስኮት አንድ የሚያደርገውን ይመርጥልዎታል።