ኮመንቱን አታጥፊው

«በአንድ የዝግጅት አዘጋጅ ድርጅት ውስጥ በኮንትራት የሶሻል ሚዲያ ሠራተኛ ነኝ። በቅርቡ ትልቅ ኮንሰርት አለን። ሰዎች ገጻችን ላይ ስለ ደህንነቱ ይጠይቃሉ። አንዲት እናት ‹ልጄ በዊልቸር ነው የምትመጣው፤ ሰው ቢተራመስ በየት ትወጣለች?› ብላ ጻፈች። አለቃዬ ‹አጥፊው፣ ሰው ያስፈራል። ምንም ስጋት የለም ብለሽ ለጥፊ› አለኝ። አባቴ ደግሞ ‹ስልክ መነካካት ሥራ አይደለም፤ ባንክ ግቢ› ይለኛል። ማስተርስ ልቀጥል ወይ ብዬም አስባለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ የዚያች እናት ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለዚህ ብዙውን የማወራሽ ስለ እሱ ነው።

ኮመንቱን አታጥፊው። ጥያቄውን ብታጠፊው ፍርሃቱ አይጠፋም። ሴትየዋ «ጠየቅኳቸው፣ አጠፉብኝ» ብላ ሌላ ቦታ ብትጽፍ ደግሞ ማን ያምናችኋል? «ምንም ስጋት የለም» የሚለውንም አትጻፊ። ብዙ ሺህ ሰው ስለሚሰበሰብበት ቦታ እንዲህ ብሎ መማል የሚችል የለም። አንባቢም ይህን ያውቃል።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ትልልቅ ዝግጅቶች ላይ በመረጃ ጠረጴዛ እሠራ ነበር። የፈራ ሰው የሚፈልገው የሚጨበጥ ነገር ነው። መውጫው የት ነው? ልጄ ብትጠፋብኝ ማን ጋ ልሂድ? ድንገት ብታመም የሚረዳኝ አለ? መልሱን በእጅሽ እያመለከትሽ ስትነግሪው ፊቱ ሲፈታ ታያለሽ። ገጻችሁም ያው ጠረጴዛ ነው፤ ልዩነቱ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ መጠየቁ ብቻ ነው።

ለእናትየዋ እንዲህ ብለሽ መልሺ፦ «ስለጠየቁን እናመሰግናለን። የዊልቸር መግቢያው በምሥራቅ በኩል ነው። መቀመጫው ከመውጫው አጠገብ ነው፤ አንድ ሠራተኛ እስከ መጨረሻው እዚያው ይቆማል።» ግን ይህን ከመጻፍሽ በፊት ከደህንነት ኃላፊው ጋር ቦታው ድረስ ሂጂና በእግርሽ ተራመጂበት። በሩ በሰንሰለት ተቆልፎ ብታገኚው፣ ወይ ደረጃ ቢኖረው፣ ያቺ እናት ትልቅ ውለታ ውላላችኋለች። እንዲህ ያለውን ክፍተት ከዝግጅቱ በፊት የሚጠቁም ሰው ኮመንቱ ይጠፋል እንዴ?

ደንብ ስትለጥፊም ምክንያቱን አብረሽ ጻፊ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ጣሊያን ቱሪን ውስጥ አደባባይ ላይ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ በስክሪን ሲታይ ሕዝቡ በድንጋጤ ተተራመሰ። ከ1,500 በላይ ሰዎች ተጎዱ። ብዙዎቹን የቆረጣቸው መሬት ላይ የተሰባበረ ጠርሙስ ነው። «ጠርሙስ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብቻ ካልሽ ሰው ይነጫነጫል። ለምን እንደሆነ ከነገርሽው ግን ጠርሙሱን ራሱ ትቶ ይመጣል።

ሌላው ወሬ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ጀርመን ሙኒክ ውስጥ አንድ የገበያ ማዕከል አካባቢ ተኩስ ሲከፈት፣ ሌላም ቦታ ተኩስ አለ የሚል የሐሰት ወሬ በሶሻል ሚዲያ ተዛመተ፤ ምንም ባልተፈጠረባቸው ሰፈሮች ሰው ሮጠ። የከተማዋ ፖሊስ በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በቱርክኛ ጭምር መልእክት እየለጠፈ፣ ግምት እንዳይነዛ ይለምን ነበር። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው የሚያምነው ቀድሞ የሚያውቀውን ገጽ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መረጃ የት እንደሚወጣ ከአሁኑ ንገሪ፤ ፖስቱን ከላይ ፒን አድርጊው፤ መረጃ ሲቀየር የተቀየረበትን ሰዓት ጻፊበት። የጥበቃዎች ብዛት፣ የቆሙበት ቦታ፣ የካሜራው አቅጣጫ ግን በፍጹም አይለጠፍም። ይህን የሚጠይቅ ሰው ካለም ለደህንነት ኃላፊው አሳውቂ።

አለቃሽን ፊት ለፊት ከመግጠም ያዘጋጀሽውን መልስ ይዘሽ ግቢ። «ይህን ብንመልስ ትኬት የሚገዛው ሰው ይበዛል» በይው፤ እኔም የማምንበት ነው። እምቢ ካለና «መቶ በመቶ ደህና ነው» ብለሽ እንድትጽፊ ካስገደደሽ አትጻፊ። ኮንትራትሽን ሊያሳጥረው ይችላል፤ አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው ቢጎዳ ያንን ቃል የጻፈው እጅ ያንቺ ነው።

አባትሽ ያሰቡልሽ ወርኃዊ ደሞዝ ነው፤ ክፋት የለውም። ሆኖም ሥራሽን ሳያውቁት ነው የፈረዱበት። አክብረሽ ስሚያቸው፤ ባንክ ግን የምትገቢው አንቺ ከፈለግሽ ብቻ ነው። ኮንትራቱ ሲያልቅ ምን እንደምትበዪ ደግሞ ከአሁኑ አስቢ፤ እሱ ላይ እውነት አላቸው።

ማስተርሱ ይቆይ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዝግጅት ላይ ከበሩ አጠገብ ቆመሽ ሥሪ፤ ምን መማር እንዳለብሽ ያኔ ይገባሻል። ለአሁኑ የደህንነት ኃላፊው ቀጣይ ስብሰባ መቼ እንደሆነ ጠይቂና እንዲያስገባሽ ለምኚው። ከዚያ በፊት ግን ለእናትየዋ «ጥያቄዎትን አይተነዋል፤ ቦታውን አረጋግጠን እንመልስልዎታለን» ብለሽ ዛሬውኑ ጻፊላት።