አረጋዊ ሰው ሲሰበር ምን እንጠይቅ? ለወጣት የሕክምና ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

በአጥንት ሕክምና ሙያ ረጅም ዘመን ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ አሁን ሥራ ለምትጀምሩት ለእናንተ አንድ አደራ አለኝ። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው በቆመበት ወድቆ አጥንቱ ከተሰበረ፣ ጀሶ አስራችሁ ብቻ አትሸኙት፤ ከስብራቱ ጀርባ የአጥንት መሳሳት፣ ማለትም አጥንት ጥንካሬውን አጥቶ በቀላሉ የሚሰበርበት በሽታ፣ ሊኖር ይችላል። የተሰበረው ቦታ፣ ዕድሜውና ጾታው አብረው ሲታዩ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን አደጋ ያመለክታሉ።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰበረው የእጅ አንጓ ነው። ሴት ስታርጥ አጥንትን የሚጠብቀው የኤስትሮጅን ሆርሞን መጠኗ ስለሚወርድ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት እስከ 20 በመቶ የሚደርስ የአጥንት ክምችቷን ልታጣ ትችላለች። በ50ዎቹና በ60ዎቹ ዕድሜ ያሉ እናቶች ተደናቅፈው ወደ ፊት ሲወድቁ፣ መሬት እንዳይመታቸው የዘረጉት እጅ አንጓው ላይ የሚሰበረው ለዚህ ነው። በእኩዮቻቸው ወንዶች ላይ ይህ ስብራት በእጅጉ ያንሳል።

ከ70 ዓመት ወዲያ ግን ነገሩ ይለወጣል። እርምጃ ይዘገያል፣ እጅም ለመዘርጋት አይደርስም፤ ሰውየው ወደ ጎን ሲወድቅ መሬት የሚያገኘው ዳሌውን ነው። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲወጡ እርጥብ መሬት ያንሸራተታቸው እናት በቃሬዛ ሲመጡላችሁ፣ የተጎዳው እግር ከሌላው አጥሮ፣ የእግር ጣቶቹም ወደ ውጭ ዞረው ታዩታላችሁ። ቤተሰብ ወለምታ መስሎት ለቀናት ወጌሻ ሲያሳሽ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ አትቆጡ፤ ሰዎቹ የመጡት ጨንቋቸው ነው። ይልቅ ፈጥናችሁ ራጅ አስነሱና ለቀዶ ሕክምና አዘጋጁ፤ በአልጋ ላይ በሚያልፈው ቀን ሁሉ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የአልጋ ቁስል አደጋው እየጨመረ ይሄዳል።

የጀርባ አጥንት ስብራት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። ቁመታቸው ያጠረ፣ ጀርባቸው የጎበጠ አረጋውያንን «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፏቸው።

ስለ ወንዶች ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሴቶች ከሦስቱ አንዷ፣ ከወንዶችም ከአምስቱ አንዱ በቀሪ ዕድሜያቸው ከአጥንት መሳሳት ጋር የተያያዘ ስብራት ያገኛቸዋል። ሆኖም በሽታው የሴት ብቻ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ወንዱ ሳይመረመር ወደ ቤቱ ይመለሳል። የዳሌ ስብራት ከደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ግን ከሴቶች ይልቅ ወንዶች በብዛት ይሞታሉ። ስለዚህ ለአስም ወይም ለሌላ ሕመም ፕሬድኒሶሎን (አጥንት የሚያሳሳ የስቴሮይድ መድኃኒት) ለረጅም ጊዜ ወስደው እንደሆነ፣ መጠጥና ሲጋራ እንደሚያዘወትሩ በአክብሮት ጠይቋቸው።

አንድ ጊዜ የተሰበረ አረጋዊ ዳግም የመሰበር ዕድሉ በእጥፍ ገደማ ያድጋል። አንጓዋ ተሰብሮ የመጣችውን የ58 ዓመት እናት መቼ እንዳረጠች፣ ወላጆቿ ዳሌያቸው ተሰብሮ ያውቅ እንደሆነ፣ ዓይኗ በደንብ ያይ እንደሆነ ጠይቁ። የአጥንት ጥንካሬ መለኪያ መሣሪያ ባለበት ላኳት፤ በሌለበትም በመሣሪያው እጦት ሕክምናዋ አይቅር። ጀሶው በሚፈታበት ቀን ስለ አጥንት መሳሳት መድኃኒት፣ ስለ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ፣ ስለ ቤቷ መብራትና ደረጃ የምትነጋገሩበትን ቀጠሮ በካርዷ ላይ ጻፉላት።