ወንድሜ ጀልባ ላይ ነው የሚኖረው፤ ከአባታችን ውርስ ይቀራል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው፣ ጠባሴ። አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ኑዛዜ አልተወም። ያለን አንድ ቤት ነው፣ እናታችን ትኖርበታለች። ልጆች ሦስት ነን። ታላቅ ወንድማችን አሜሪካ ሲያትል አጠገብ በሸራ የሚሄድ ጀልባ ገዝቶ እዚያው ላይ ይኖራል። በየእሁዱ ይደውላል። የወራሽነት ማስረጃ እናውጣ ስንለው ‹ክረምቱን ማሪና ነኝ፣ ጀልባዬን ጥዬ መንቀሳቀስ አልችልም፣ ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ› አለን። መስከረምን ጠበቅነው፣ ጥቅምትም አለቀ፣ አልመጣም። አሁን አጎታችን ‹ቤት የለው፣ አድራሻ የለው፣ ውሃ ላይ ያለ ሰው እንደ ጠፋ ነው የሚቆጠረው፤ በሁለታችሁ ስም አውጡና ቤቱ ይሸጥ› ይላል። ገዢም አግኝቷል። ታናሽ ወንድሜም ወደ እሱ እያደላ ነው። እኔ ግን ልቤ እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ልብሽ እምቢ ያለው በትክክል ነው። ምንም ወረቀት እንዳትፈርሚ። አሁን ቀስ ብለን እንየው።

ከሕጉ በፊት አንዲት ቃል እናጥራ፣ ምክንያቱም ግማሹ ጠብ የመጣው ከእሷ ይመስለኛል። ወንድምሽ «ክረምት» ያለው የእኛን ሐምሌና ነሐሴ አይደለም። የእነሱ ክረምት ብርዱ ነው። እኛ ኅዳር ሚካኤልን በምናከብርበት ሰሞን ይገባል፣ እናንተ ጋ ውርጩ ባቄላውን በሚያቃጥልበት ጊዜ ማለት ነው፣ የሚወጣውም መጋቢት ላይ ነው። እናንተ መስከረም ላይ ቆማችሁ «ክረምቱ ወጣ፣ ቀረብን» ስትሉ እሱ ዘንድ ገና አልገባም ነበር። ውሸት አልነገራችሁም። ይህን ለእናታችሁም ለታናሽሽም ዛሬውኑ ንገሪያቸው፣ ቅያሜው ከፋይሉ በፊት ይውጣ።

«ጀልባውን ጥዬ መንቀሳቀስ አልችልም» ያለውም ሰበብ እንዳይመስላችሁ። ማሪና ማለት ጀልባዎች በእንጨት መተላለፊያ ግራና ቀኝ የሚታሰሩበት ሰፈር ነው። በጋውን በሸራ ሲዞር የከረመ ሰው ብርዱ ሲመጣ ገብቶ ይታሰርና ከጎረቤቶቹ ጋር ይከርማል። መብራት ከመተላለፊያው በወፍራም ገመድ ይሳባል፣ ማሞቂያው በዚያ ነው የሚሠራው። ሶኬቱ ከረጠበ ወይም ከላላ ይግላል፣ እሳትም ያነሳል። የውሃው ጎማ ሌሊት በረዶ ይሆናል። ሰው ውስጥ ሲተነፍስና ሲያበስል እንፋሎቱ በመስኮቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ በየጠዋቱ በጨርቅ ካልተጠረገ ፍራሹ ሥር ይሻግታል። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ማሰሪያው ገመድ ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ይሳሳል፣ ባለቤቱ በእኩለ ሌሊት ወጥቶ ያጠብቃል። ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ራሱ ስምንት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ለሁለት ወር ዘግቶ መሄድ ይከብዳል። ከደብረ ብርሃን ብርድ የወጣ ልጅ መሆኑ በጀው።

ወደ ሕጉ ልምጣ።

አጎትሽ «አድራሻ የለውም» ሲሉ ሁለት ነገር አደባልቀዋል። ጀልባ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው፣ ቤትና መሬት የማይንቀሳቀስ። ይህ ልክ ነው። ነገር ግን የሰው መኖሪያ የሚለካው በንብረቱ ዓይነት አይደለም። ሕጉ በቁጥር 174 የሚጠይቀው ሰውየው ዘወትር የሚኖረው የት ነው ብሎ ነው። ወንድምሽ የማሪና ውል አለው፣ የመቆሚያ ቁጥር አለው፣ በየወሩ ይከፍላል። በዚያ ግዛት ደግሞ በመንግሥት የውሃ ይዞታ ላይ ባሉ ማሪናዎች ጀልባቸውን መኖሪያ የሚያደርጉ ሰዎች በመደበኛው ከመቆሚያዎቹ 10 በመቶ እንዳይበልጡ የሚል ደንብ አለ። ስለዚህ እንዲህ የሚኖር ሰው ዝም ብሎ የተንሳፈፈ አይደለም፣ ፈቃድ አግኝቶና ተመዝግቦ ነው። የማሪናውን ውል ቅጂ ይላክላችሁ፣ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ።

ደግሞም ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ውርስ የሚከፈተው ሟቹ ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው፣ ቁጥር 826። ሕጉ የሚጠይቀው አባታችሁ የት ይኖሩ ነበር ብሎ ነው እንጂ ወንድምሽ የት ያድራል ብሎ አይደለም። አባታችሁ ደብረ ብርሃን ኖረው ደብረ ብርሃን ካረፉ ጉዳዩ የደብረ ብርሃን ነው። ልጅ ጠባሴም ይደር፣ ማሪናም ይደር፣ ልጅ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፣ ቁጥር 842።

«ጠፍቷል» የሚለውን በጭራሽ አትሞክሩት። አንድ ሰው በፍርድ ቤት «ጠፍቷል» የሚባለው የደረሰበት ሳይታወቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ሲቋረጥ ነው፣ ቁጥር 154። በየእሁዱ የሚደውል ሰው እንዴት ብሎ ይጠፋል? ስልክሽ ውስጥ ያለው የጥሪ ዝርዝር ብቻ ያፈርሰዋል። ሁለት ምስክር አቁሞ «ልጆቹ ሁለት ብቻ ናቸው» ማስባል ደግሞ በሐሰት መመስከር ነው፣ የወንጀል ጉዳይ ነው፣ የሚታሰሩትም ምስክሮቹ ናቸው። ምናልባት የዕድር ሰዎች፣ ምናልባት አባታችሁን የገነዙ ጎረቤቶች። ይህን አታድርጉባቸው።

አንድ ፋይል አስታውሳለሁ። አረብ አገር ያለች እህታቸውን ትተው ወራሽነት አወጡ፣ ቤቱንም ሸጡ። ልጅቷ ከአራት ዓመት በኋላ መጣች። ያወቀችው ገና ስትመጣ ስለነበር ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ ማለፍ፣ አላገዳትም። ማስረጃው ተሰረዘ፣ ገዢው ሻጮቹን ከሰሰ፣ ብሩ ግን አልቆ ነበር። እናትየው በልጆቿ መሃል በየችሎቱ እየተመላለሱ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ይህን የምነግርሽ ለማስፈራራት አይደለም፣ የእናንተ ገና ስላልተጀመረ ነው። ወንድምሽ ቢገለል መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቀበት ቀን አንስቶ ሦስት ዓመት ለመጠየቅ ጊዜ አለው፣ ቁጥር 1000።

አሁን ስለ እናታችሁ። በጥያቄሽ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሳቸው ናቸው፣ ማንም ስለ እሳቸው ሳይጠይቅ ገዢ ተፈልጓል። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የእሳቸው የራሳቸው ነው። ውርስ አይደለም፣ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ነው፣ መጀመሪያ እሱ ይወጣል። የሚወረሰው የአባታችሁ ግማሽ ብቻ ነው። እሱ ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ የቤቱ አንድ ስድስተኛ ይደርሳል። እንግዲህ አስቢው፦ አንቺና ታናሽሽ ተደምራችሁ አንድ ሦስተኛ ናችሁ። እናታችሁ ግማሽ፣ ወንድምሽ አንድ ስድስተኛ። የጋራ ንብረት ለመሸጥ ደግሞ የባለድርሻዎቹ ሁሉ ስምምነት ያስፈልጋል፣ ቁጥር 1266። እናታችሁ ካልፈረሙ ሽያጭ የለም። ወንድምሽ ካልፈረመም የለም። አጎትሽ ያመጡት ገዢም ይህን ይወቅ፣ ቀብድ እንዳትቀበሉ።

አባታችሁ ከከተማ ውጭ የእርሻ መሬት ካላቸው እሱን ከዚህ ጋር አታደባልቁት። የገጠር መሬት የራሱ የክልል ሕግ አለው፣ አወራረሱም ይለያል። ካለ ለብቻው ጻፊልኝ።

ወንድምሽ መምጣት አያስፈልገውም። ውክልና ይበቃል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ማናቸውንም ጉዳዬን እንድታስፈጽምልኝ ወክያታለሁ» የሚል ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራሽ። ቤት ለመሸጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ በፍርድ ቤት ለመከራከር፣ ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፣ ቁጥር 2204 እና 2205 አንብቢያቸው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ ሥራ በስሙ ይጻፍ፦ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት፣ በፍርድ ቤት ለመቅረብ፣ ለመካፈል፣ ድርሻውን በስሙ ለማስመዝገብ። መሸጥን ካልፈለገ አይጻፍ። እኔን ከጠየቃችሁኝ እናታችሁ ቤቱ ውስጥ እስካሉ ድረስ ባይጻፍ እመርጣለሁ።

ስሙ ላይም ተጠንቀቁ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም፣ የትምህርት ቤት ስሙና እናንተ የምትጠሩት ስም ከተለያዩ ጸሐፊው ጋ ስትደርሱ ትመለሳላችሁ። የፓስፖርቱን ገጽ ቅጂ አስቀድሞ ይላክና ማመልከቻውም በዚያው ስም ይጻፍ።

ውክልናውን ኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ። ኤምባሲው ያለው ዋሽንግተን ዲሲ ነው፣ ሎስ አንጀለስም ቆንስላ አለ። ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተን ሌላ ነው፣ አገሩ ከዳር እስከ ዳር ነው የሚለያያቸው፣ እናታችሁ «እዚያው አጠገቡ አይደል?» እንዳይሉት። ራሱ መሄድ ካልቻለ ኖተሪ፣ ማለትም ሰነድ አረጋጋጭ፣ ፊት ፈርሞ የአገሩን ማረጋገጫ አስደርጎ በፖስታ ይልካል። ጀልባውን ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው የሚተወው፣ ለዚያ ደግሞ ጎረቤት አለ። የማሪና ሰው የሌላውን ገመድና መብራት ያያል፣ እንደ እኛ ሰፈር ነው።

አንድ ነገር ጠይቂው፦ የአሜሪካ ዜግነት ወስዷል? ወስዶ ከሆነ የኢትዮጵያ ዜግነቱ ቀርቷል ማለት ነው። ይህ ከውርሱ አያስወጣውም፣ ቤት በስሙ ለመያዝ ግን ጥያቄ ሊያስነሳበት ይችላል። መፍትሔው ቢጫ ካርድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ካርዱን የያዘ ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ይችላል። ከሌለው ከአሁኑ ይጀምረው።

በስልክ «እኔ ምንም አልፈልግም፣ ለእናቴ ይሁን» ቢላችሁስ? ልጅ ነው፣ ይላል። ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በቃል አይጸናም። ሕጉ እንደ ግልጽ ኑዛዜ ሥርዓቱን ጠብቆ በጽሑፍ ይሁን ይላል፣ ቁጥር 2443። ከልቡ ከሆነ ይጻፈው፣ ለዚያም በውክልናው ላይ አንድ መስመር ይጨመርበት። አንቺ ደግሞ በእሱ ውክልና የእሱን ድርሻ ለራስሽ እንዳትገዢ። ተወካይ ከራሱ ጋር የተዋዋለውን ወካዩ ሊያፈርሰው ይችላል፣ ደግሞም ነገ በመሃላችሁ ቂም ይገባል።

ጊዜውን እንዲህ አስተካክሉት። የእኛ ፍርድ ቤቶች በእኛ ክረምት ለእረፍት ይዘጋሉ፣ እሱ ደግሞ በእነሱ ክረምት ይታሰራል። ውክልናው እስከ ጥር ከደረሰ ማመልከቻውን የካቲት ላይ አስገቢ፣ ከሰኔ በፊት ማስረጃው እጃችሁ ይገባል ብዬ አስባለሁ። እሱም ሚያዝያ ላይ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ ፋሲካን እናታችሁ ጋ ይውላል። የሞት የምስክር ወረቀቱን፣ የጋብቻውን ማስረጃ ወይም የሚያውቁ ሽማግሌዎችን፣ የቤቱን ካርታና የግብር ደረሰኝ አሁኑኑ ሰብስቢ። ካርታው አጎትሽ ጋ ከሆነ በእናታችሁ በኩል በትሕትና ይጠየቅ። ክፉ ሰው ናቸው አላልኩም፣ ምናልባት ቤቱ እንዳያረጅ አስበው ይሆናል፣ ግን ካርታው የሚቀመጠው እናታችሁ ሳጥን ውስጥ ነው።

ለወንድምሽ ዛሬ ደውዪለት። በዚህ ወቅት እኛ በ11 ሰዓት እንቀድማቸዋለን። ማታ 2 ሰዓት ላይ ብትደውዪ እዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ መስኮቱን ሲጠርግ ታገኚዋለሽ። ታናሽሽም አጠገብሽ ይቀመጥ፣ ስልኩንም ድምፁን ከፍ አድርጊውና እናታችሁ ይስሙት።