ሐዋሳ ላይ የሕፃናት ማቆያ ያዋጣል? ጥያቄና መልስ

አቶቴ አካባቢ የሕፃናት ማቆያ ከከፈትኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። ስለ ሂሳቡ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ ሁሉንም እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ 20 ልጅ ብይዝ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ለምሳሌ ያህል እናስላው። በልጅ 3,500 ብር ብታስከፍዪ በወር 70,000 ይገባል። ኪራይ 18,000። የአራት ሞግዚትና የአንዲት ምግብ ሠሪ ደመወዝ 29,000። በዚያ ላይ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ፣ ማለትም 3,190። ውሃ፣ መብራትና ሳሙና 4,000። መክሰስ በልጅ 400። የሚተርፍሽ 7,810 ብር ነው። ግብር ገና አልተነሳለትም፤ የራስሽም ደመወዝ የለበትም። ልጆቹ 17 ከሆኑ ደግሞ ከኪስሽ ትጨምሪያለሽ። ስለዚህ «ስንት ልጅ ይይዛል?» ሳይሆን «ስንት ወር ሳይሞላ ይቆያል?» ብለሽ አስቢ።

ጥያቄ፦ ጨቅላዎችን ብቻ ብቀበልስ? ፈላጊያቸው ብዙ ነው።

መልስ፦ ልክ ነሽ፣ ብዙ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እናት ከወለደች በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ገና መቀመጥ ያልቻለ ልጅ ታቅፋ ትመጣለች። ግን አንዲት ሞግዚት በደንብ የምትይዘው ሦስት ጨቅላ ቢሆን ነው። የሦስት ዓመት ልጆች ከሆኑ ስምንትም ትይዛለች። እኔ መጀመሪያ ሁሉንም በእኩል ዋጋ ተቀብዬ ከስሬአለሁ። አንዱ ልጅ ጡጦ እምቢ አለ። ሞግዚቷ የእናቱን ነጠላ ደርባ ስታቅፈው ነው መጥባት የጀመረው። ሳምንቱን ሙሉ እጇ ከእሱ አልወጣም። ወላጅ የሚከፍለው ለዚያ እጅ ነው፤ የጨቅላ ዋጋ ከፍ ይበል።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ቤት ተከራይቼ ልጀምር ነው። ስንት ብር ልያዝ?

መልስ፦ አባቴ፣ ገንዘብዎን በቀለምና በመጫወቻ አይጨርሱት። በላይኛው ሂሳብ የስድስት ወር ኪራይና የሦስት ወር ደመወዝ ከነጡረታው 204,570 ብር ይመጣል። እሱን ለብቻ ያስቀምጡ። ወላጅ ልጁን አምኖ እስኪሰጥዎ ጊዜ ይወስዳል። ውል ከመፈረምዎ በፊትም ክፍለ ከተማ ሄደው ቤቱ መስፈርቱን ያሟላ እንደሆነ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አጠገብስ?

መልስ፦ እናቶቹ አሉ። ግን ስፌት ላይ የምትውል እናት 3,500 ከየት ታመጣለች? አሠሪዋ ካልደጎማት አይሆንም። ቀድመሽ ከፋብሪካዎቹ ጋር ተነጋገሪ።

ጥያቄ፦ በጣም የሚከብደው ወር የቱ ነው?

መልስ፦ መስከረም። ትልልቆቹ በአንዴ ኬጂ ይገባሉ። አምና በአንድ ሳምንት ሰባት ልጅ ወጣብኝ። የመምህራን ልጆች ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ እቤት ይውላሉ። አሁን ሰኔ ላይ ወላጆችን እየዞርኩ እጠይቃለሁ፤ የሚለቀቀውን ቦታ ተራ ለሚጠብቁት ያኔውኑ እሰጣለሁ።