መልስ፦ ውጩ እያረረ ውስጡ ጥሬ ስለሚቀረው የበቆሎ እሸት

በከሰል ስትጠብሺው በቆሎሽ ለምን ውስጡ ሳይበስል ውጩ እንደሚያርር ጠይቀሻል። የሚያርርብሽ ከሰሉ ገና ሲንበለበል ስለምታስቀምጪው ነው። ጥቁረቱ ጠፍቶ ላዩ አመድ እስኪለብስ ታገሺ። ከዚያ ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስቢ፤ በቆሎውን ፍም በሌለበት በኩል እያገላበጥሽ አብስይውና መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ ፍሙ አስጠጊው።

ምድጃሽ ጠባብ ነው ስላልሽ፣ ከነቅጠሉ መጥበስ ይሻልሻል። የላይኞቹን ሁለት ሦስት ቅጠሎች ብቻ ግፈፊ፤ በራሱ እርጥበት ይበስላል። ቅጠሉ ሲጠቁር ላጪውና ፍሙ ላይ ትንሽ አገላብጪው።

እሸቱንም እዪ። ፍሬውን በጥፍርሽ ስትጫኚው ወተት የሚመስል ካወጣ ደርሷል፤ ውሃ ከሆነ ገና ነው፤ ምንም ካልወጣ ጠንክሯልና ቀቅይው። ከጓሮሽ የቆረጥሽውን የዚያኑ ቀን ጥበሺ። ሲያድር ስኳሩ ወደ ስታርች ስለሚለወጥ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፤ ቡሬ ገበያ ያደረ እሸት የገዛ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

አንድ አደራ፦ የነሐሴ ዝናብ ሲመጣ ምድጃውን ቤት አስገብቶ በር መዝጋት እኛ ጎጃም ውስጥ የተለመደ ነው። በዚህ ምክንያት ራሱን የሳተ ጎረቤት ተሸክመን አውጥተናል። ጭሱ የጠፋ ፍም መርዙ አይታይም፣ አይሸትም። በረንዳ ላይ ጥበሺ፤ የተረፈውንም ፍም በብርድ ሰበብ ወደ መኝታ ቤት አታስገቢ።